ከስምጥ ሸለቆ ወደ ውርጭ አገር፦ የተራራ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች በብርድ ወራት የሚዘወተረው የስኪ ጉዞ፣ ተጓዡ በገመድ በሚጎተት ወንበር ሳይታገዝ፣ ወደ ኋላ መንሸራተትን የሚከለክል ፀጉራም ቆዳ ከስኪው በታች ለጥፎ ዳገቱን በገዛ ጉልበቱ የሚወጣበት፣ ጫፍ ሲደርስም ቆዳውን ገፎ ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ቁልቁል የሚወርድበት ስፖርት ነው። የዚህ ስፖርት ትልቁ ጠላት የበረዶ ናዳ፣ ማለትም በዳገት ላይ የተከመረ በረዶ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ የሚናድበት ክስተት ሲሆን፣ የአልፕስ ተራራ አገሮች ብዙ ሰው ከቀበሩ በኋላ ጉዞን ገና ከቤት ሳይወጡ የማቀድ ሥርዓት አበጅተዋል። ከእነዚህ ሥርዓቶች በሰፊው የሚታወቀው ስዊዘርላንዳዊው የተራራ መሪ ቬርነር ሙንተር ያስፋፋው «ሦስት በሦስት» የተባለ ዘዴ ነው። ዘዴው የአየሩንና የበረዶውን ሁኔታ፣ የመሬቱን አቀማመጥና የተጓዦቹን አቅም በመጀመሪያ በቤት፣ ቀጥሎ ከተራራው ግርጌ፣ በመጨረሻም በእያንዳንዱ አስቸጋሪ ዳገት ሥር ቆሞ እንደ አዲስ መመርመርን ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሚለብስ ተራራ ስለሌላት ስፖርቱ ራሱ በአገር ውስጥ ሥር አልሰደደም። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቶሪኖ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ኢትዮጵያን ወክሎ ሲሰለፍ፣ ነገሩ ለብዙዎች እንግዳና ፈገግ የሚያሰኝ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት በበረዶው ዘመን በሰሜን፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች አናት ላይ ግግር በረዶ ተዘርግቶ የነበረ ሲሆን፣ በባሌው ሳነቲ አምባና በአርሲው በዳ ተራራ በረዶው እየገፋ የከመረው ድንጋይና አፈር እስከ ዛሬ ይታያል። የሰው ልጅም ቢሆን ከዚያ ብርድ አልሸሸም፤ በባሌ ተራሮች በፊንጫ ሐበራ ዋሻ የተደረገውና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዎች ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተራራውን ትልልቅ አይጥ እያደኑ ይኖሩ ነበር።

በረዶው ቢቀርም ከፍታው አልቀረም፤ ስለዚህም የስኪ ተጓዦች ዕቅድ ከበረዶ ናዳው ክፍል በስተቀር ከሞላ ጎደል ሁሉ ለአርሲ ተራሮች ይሠራል። እንዲያውም በአዳማ፣ በመተሐራ ወይም በአቦምሳ ለሚኖር ሰው ከስዊዘርላንዳዊው ይልቅ ዕቅዱ የሚያስፈልገው ይመስላል፤ ምክንያቱም የአልፕስ ተራራ አደጋውን በነጭ ልብሱ ከሩቅ ሲያውጅ፣ የአርሲ ተራራ ግን ግርጌው የገብስና የስንዴ ማሳ፣ ወገቡ የከብት መሰማሪያ፣ መንገዱም እረኛ በባዶ እግሩ የሚሮጥበት በመሆኑ አደጋውን ይደብቃል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኢያን ማካሞን በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የበረዶ ናዳ አደጋዎችን መዝገብ መርምሮ ካገኛቸው የአስተሳሰብ ወጥመዶች አንዱ፣ ሰዎች በለመዱት ቦታ ላይ ጥንቃቄያቸውን መቀነሳቸው ነው። ከሰገነቱ ሆኖ የተራራውን ጫፍ በየማለዳው የሚያይ ሰው ተራራውን የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የሚያውቀው ግን መልኩን ብቻ ነው።

የቦታው አቀማመጥ ይህን ስሕተት ያበረታታል። አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ በአንድ ወገን ሞቃታማውን የአዋሽ ሸለቆና በፍራፍሬ የታወቁትን የመርቲና የኑራ ኤራ እርሻዎች፣ በሌላ ወገን ደግሞ የቀድሞው አርባ ጉጉ አውራጃ ስሙን የወረሰበትን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉጉን ደጋ ትዋሰናለች። ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲታለፍ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑት ጭላሎ፣ በዳና ካካ ይገኛሉ። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት፣ ተሳፋሪውን ከ1,600 ሜትር ገደማ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወጣዋል፤ ጠዋት አዳማ ላይ ሸሚዙን ጠቅልሎ ሻይ የጠጣ ሰው ከሰዓት በኋላ አስታ ከተባለው የደጋ ቁጥቋጦ በላይ ሊገኝ ይችላል። የአውቶቡስ ትኬቱ ርካሽና መንገዱ አጭር መሆኑ፣ ሰውነቱም ሆነ ሻንጣው ለሚጠብቀው ነገር ሳይዘጋጅ እንዲደርስ ያደርገዋል።

በቤት ከሚመረመሩት ሦስት ነገሮች ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው የገዛ ሰውነቱን ነው። አየር በከፍታ እየሳሳ ስለሚሄድ በ4,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአምስት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ፈጥኖ በመተንፈስና ውሎ አድሮም ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት በመሥራት ራሱን ያስተካክላል፤ ይህ ግን ቀናት የሚወስድ ሥራ ነው። ጊዜ ሳይሰጠው ሲቀር የሚከተለው የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚታይ ሲሆን፣ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በራስ ምታት ይጀምርና ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መዛልና እንቅልፍ ማጣት ይከተሉታል። ተጓዡ እነዚህን ምልክቶች በፀሐይ፣ በመኪናው መንገድ ወይም በማታው ምግብ ያሳብባል፤ ስለዚህ የተራራ ሐኪሞች ሌላ ምክንያት በግልጽ እስካልተገኘ ድረስ በከፍታ ላይ የሚከሰት ራስ ምታት የከፍታ ሕመም ተደርጎ እንዲወሰድ ይመክራሉ።

ሕመሙ ሁለት ገዳይ መልኮችም አሉት። አንደኛው ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ የሚቋጥርበት ሲሆን፣ ታማሚው ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሳሉም አረፋ ይቀላቅላል። ሁለተኛው አንጎል የሚያብጥበት ነው፤ ታማሚው እንደሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩም ይዘበራረቃል። ጓደኞቹ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያስነኩ በቀጥታ መስመር ላይ አሥር እርምጃ እንዲራመድ ቢጠይቁትና ቢያቅተው፣ ያ በቂ ማስረጃ ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ በሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ታች ማውረድ ሲሆን፣ ሐኪም የሚያዛቸው ክኒኖች መውረዱን ሊያግዙ እንጂ ሊተኩት አይችሉም።

አርሲ በዓለም ላይ ስሟ የናኘው በሯጮቿ ነው፤ ከአሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው በቆጂና ከአካባቢዋም ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ይህ ዝና አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ያስከትላል፤ ጠንካራ ሰው ከፍታ አይነካውም ይባላል። ነገር ግን የልብና የጡንቻ ብርታት ከከፍታ ሕመም አይጠብቅም፤ በጂም የጠነከረው ወጣት ከሌሎቹ ፈጥኖ ስለሚወጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚታመመው እሱ ሊሆን ይችላል። የበቆጂን ልጅ የጠበቀው በዚያው ከፍታ ተወልዶ ማደጉ ነው፤ የአቦምሳው ነጋዴ ወይም የአዳማው የባንክ ሠራተኛ ግን ያንን ዕድል በቅዳሜና በእሑድ ሊያገኘው አይችልም።

በዚህ የተነሣ የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር መኝታን የሚመለከት ይሆናል። በሰፊው የታወቀው ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ያዝዛል፤ ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ግን ይፈቀዳል፣ ይጠቅማልም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ከደባርቅ ተነሥተው 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሳንቃበር፣ ቀጥሎም 3,600 ሜትር አካባቢ ባሉት ግጭና ጨነቅ የሚያድሩበት የተለመደ መስመር ከዚህ ደንብ ጋር ብዙ አይራራቅም። ወደ ጭላሎ ወይም ወደ ካካ የሚሄድ የስምጥ ሸለቆ ሰውም የመጀመሪያውን ሌሊት በአሰላ ወይም በበቆጂ፣ ሁለተኛውን ከማሳዎቹ በላይ በሆነ ሰፈር አሳልፎ ጫፉን በሦስተኛው ቀን ቢያስብ፣ የጨመረው አንድ ቀን የሚቆጨው አይሆንም። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ከመነሣታቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

ከሰውነት ቀጥሎ የሚመጣው ብርድ ነው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ አዳማ ላይ 28 ዲግሪ በሆነበት ቀትር የጭላሎ አናት 12 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ነፋስና ዝናብ ሳይቆጠሩ ነው። በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬቱ የቀን ሙቀቱን በሙሉ ስለሚያጣ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በባሌው ሳነቲ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ጠዋት ላይ ውርጩ በጓሳው ሣር ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የውሃ ጀሪካኑ አፍ ይረጋል፤ የጫማ ማሰሪያ ይደርቃል። በተራራ ላይ ሰውን የሚጎዳው ግን ደረቁ ውርጭ ሳይሆን ከዜሮ በላይ ያለው እርጥብ ብርድ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል፤ በዝናብ የራሰና ነፋስ የሚመታው ሰው አምስትና ስምንት ዲግሪ ላይ እያለ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ የሙቀት ማጣት በመንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መንቀጥቀጡ ቆሞ ታማሚው ዝም ሲልና ግድ ሲያጣ ነገሩ እየተሻለው ሳይሆን እየከፋ መሆኑን ጓደኞቹ ሊያውቁ ይገባል።

ስለ ልብስ ሲነሣ ደገኛው ከሱቁ ይቀድማል። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ካናቴራና ጋቢ ደርቀው ሳሉ የሚወደዱትን ያህል ሲርሱ ሸክም ይሆናሉ፤ የራሰ ጋቢ ከመክበዱ በላይ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። የበግ ሱፍ በአንጻሩ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል፤ የመንዝና የሰሜን ሰዎች ከሱፍ የሚሠሩትን በርኖስና ባና ለዘመናት የለበሱት ለዚሁ ነው። ስለሆነም ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ ከመካከል ሱፍ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ደግሞ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ተደራርቦ ይለበሳል፤ ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ለማታ ይቀመጣል። ኮፍያ፣ ጓንትና ትርፍ ካልሲ የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ቀደም ብሎ የተለመደ መሆን አለበት፤ ለጉዞው ዋዜማ የተገዛ አዲስ ጫማ የስንቱን ጉዞ እንዳበላሸ የሚነግሩት የበቅሎና የፈረስ ባለቤቶች ናቸው፤ ተጓዡን ጭነው የሚያወርዱት እነሱ ናቸውና። ፀሐዩም አይናቅም፤ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚጨምር ብርዱ እያለ ፊት ይላጣል።

የስንቅ ጉዳይ አጭር ነው፤ አርሲ ራሷ መልሳዋለችና። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚለወሰው ጭኮ ሳይበላሽ ይቆያል፣ ሳይሞቅ ይበላል፣ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ከውጭ የሚመጡት የታሸጉ የተራራ ምግቦች ከዚህ የሚበልጡበት ነገር እምብዛም አይታይም። በሶና ቆሎ ይከተሉታል። ውሃ ከምንጭ ቢቀዳም ከብት የሚሰማራበት አካባቢ ስለሆነ ይፈላል ወይም ይታከማል።

የመሬቱን አቀማመጥ በቤት ሲመረምሩ ዋናው ሥራ ርቀትን ወደ ሰዓት መለወጥ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ለየአምስቱ ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይመድባል። ለምሳሌ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀትና 1,200 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በደንቡ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ነገር ግን ኔይስሚዝ ደንቡን ያወጣው ዝቅተኛ ለሆኑት የስኮትላንድ ተራሮች ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ቢያንስ ግማሽ ያህል ጨምሮ ስድስት ሰዓት ማሰብ ይሻላል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ምሽትም አጭር በመሆኑ ጨለማው ድንገት ይወድቃል። በመሆኑም ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ቡድን ጫፉ ላይ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ካልደረሰ፣ ጫፉ በአይን እየታየ እንኳ ቢሆን ይመለሳል። ይህ የመመለሻ ሰዓት ከመነሣት በፊት በቤት ተወስኖ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ለሁሉም ተነግሮ መያዝ አለበት፤ በዳገቱ ላይ ሆኖ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ ለጫፉ ያደላል። የመመለስ ውሳኔም በድምፅ ብልጫ መሆን የለበትም፤ ከቡድኑ አንዱ እንኳ ልመለስ ካለ ምክንያቱን ሳያፍር የሚናገርበት፣ ሁሉም አብሮ የሚመለስበት ስምምነት አስቀድሞ ቢደረግ መልካም ነው። «ይሉኝታ» በከተማ ጨዋነት ነው፤ በ4,000 ሜትር ላይ ግን ታማሚ ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርጋል።

ወቅቱን በሚመለከት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ሰማዩ አስተማማኝ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ መንገዱን ጭቃ፣ ጫፉን ጭጋግ ያደርገዋል፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ ከየካቲት ማለቂያ ጀምሮ ሳይታሰብ ይመጣል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ከመነሣት በፊት መታየት አለበት፤ ሆኖም ትንበያው ለሰፊ አካባቢ የተዘጋጀ ስለሆነ ሁለተኛው ምርመራ፣ ከተራራው ግርጌ የሚደረገው፣ የሚቀር አይደለም። እዚያ የሚሻለው አዋቂ የአካባቢው ገበሬ ነው። ደመናው ከየት ወገን ሲመጣ በረዶ እንደሚያወርድ፣ የትኛው ጅረት ከዝናብ በኋላ እንደማይሻገር፣ የትኛው ዱካ የከብት ብቻ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

በዝናብ ወራት አጥብቆ የሚያሰጋው መብረቅ ነው። ደመናው ከረፋድ ጀምሮ ስለሚከመር ነጎድጓዱ ከቀትር በኋላ ይበዛል፤ ይህም በማለዳ መነሣትንና በቀትር መመለስን የሚያጠናክር ሌላ ምክንያት ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር በቀረበ ርቀት ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከጫፍና ከሸንተረር መውረድ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ መራቅ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ጭጋግ በራሱ አይገድልም፤ የሚያደርሰው ጉዳት አቅጣጫን በማሳት ነው። ጭላሎ የጠፋ እሳተ ገሞራ ስለሆነ አናቱ ላይ ሰፊ ጎድጓዳ አለው፤ ከጠርዙ በየአቅጣጫው የሚወርዱት ተመሳሳይ ዳገቶች በጭጋግ ውስጥ ስለማይለዩ፣ በተሳሳተው በኩል የወረደ ሰው ማታ የሚደርሰው መኪናው ከቆመበት በተቃራኒው ወገን ይሆናል። በስልክ ላይ ያለ ካርታ ኔትወርክ ሳያስፈልገው እንዲሠራ ቀድሞ ይጫናል፤ ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚጨርስም ስልኩ በደረት ኪስ ይያዛል፤ ኮምፓስ ግን ባትሪ አይፈልግም።

በስዊዘርላንድ የተጎዳ የስኪ ተጓዥ ስልክ ሲደውል ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሬጋ የተባለው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት ሄሊኮፕተር ሊልክለት ይችላል። በአርሲ ደጋ ላይ ያለ ቡድን ግን ጉዳተኛውን እስከ መኪና መንገድ ማድረስ የሚችለው ራሱ እንደሆነ አስቦ መነሣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስለዚህ ከአራት ሰው ያነሰ ቡድን አይመከርም፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ለእርዳታ ይወርዳሉ። በሁለት ጠንካራ ዱላዎችና በጋቢ የሚሠራው ቃሬዛ ለደገኛው እንግዳ አይደለም፤ ተጓዡም አንድ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሠርቶ ቢሞክረው ይረዳዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው የተራራ የጭንቅ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ በፉጨት ወይም በባትሪ ብርሃን ምልክት መስጠት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍና መድገም ነው፤ የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱ ዝርዝር፣ የተጓዦቹ ስምና የሚመለሱበት ሰዓት ከተማ ለሚቀር አንድ ሰው ይሰጣል፤ ያም ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ ለማን እንደሚደውል ያውቃል።

የወረዳውንና የቀበሌውን አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ፣ የአካባቢውንም ወቅታዊ የሰላም ሁኔታ ከእነሱ መረዳት የዚሁ ዝግጅት አካል ነው፤ መልሱ «አሁን አትሂዱ» ከሆነ ጉዞው በዚያው ይቀራል። ደራ ዲልፈቃር፣ ጭላሎ ገላማ፣ ካካና ሁንቆሎ የተባሉትን አራት ክፍሎች የያዘው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ወደነዚህ ቦታዎች የሚገባ ሰው የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይኖርበታል። ከዚያው መንደር መንገድ መሪና የጭነት ፈረስ መቅጠር ለደኅንነት የሚጠቅመውን ያህል ገንዘቡ ተራራውን በሚጠብቁት ሰዎች እጅ እንዲቀር ያደርጋል። ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል፣ ሙሉውም ይከፈላል፤ መንገድ መሪውም ከተጓዦቹ ጋር እኩል ይበላል፣ እኩል ይሞቃል። ለራሳቸው ሦስት ድርብ ለብሰው መሪያቸውን በአንድ ጃኬት የሚያሳድሩ ቡድኖች መኖራቸው የሚያሳፍር ነው።

ኃላፊነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቆሻሻ ነው፤ እርግጥ ነው፣ ባዶ ሃይላንድና ፌስታል በወጡበት ቦርሳ ይመለሳሉ፤ መጸዳጃም ከምንጭና ከጅረት ርቆ ተቆፍሮ ይሸፈናል። ይህ ለቆላው ሰው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሣው ከታር ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ቀለታም ወደ አዋሽ ይወርዳሉና፣ ላይ የተጣለው ነገር ታች ይጠጣል። ከቆሻሻ ይልቅ ከባድ የሆኑት ግን እሳትና ውሻ ናቸው። ከማሳው በላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ እርጥብም ሆኖ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ሲያድግ ግን የሚዘገይ ተክል በመሆኑ፣ ለአንድ ምሽት ሙቀት የተቆረጠ ግንድ ዓመታት የፈጀ ነው፤ ያልጠፋ ፍም ደግሞ በበጋ ሙሉውን ሸንተረር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ቡታጋዝ ይያዛል፣ አስታው አይነካም።

የውሻው ጉዳይ ለከተማ ሰው ያን ያህል ግልጽ አይደለም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ብዛቱ ከ500 እንደማያልፍ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ በአርሲ ተራሮችም ይኖራል፤ በባሌ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያና ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ቀበሮዎችን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የመጣው ከሰው ውሾች ነው። አንድ ለማዳ ውሻ ለጥበቃ ወይም ለጨዋታ ብሎ ወደ ደጋው ማውጣት የአንድን ሸለቆ ቀበሮ በሙሉ ለአደጋ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ላይ የሚከተል የመንደር ውሻም ትርፍራፊ እየተጣለለት ወደ ላይ መሳብ የለበትም። ደጋ አጋዘኑ ደግሞ በተራሮቹ ላይ በቁጥር የመነመነ፣ ሰው ሲያይ የሚደነብር እንስሳ ነው፤ ለፎቶግራፍ ተብሎ ሲባረር በሳሳው አየር የሚያወጣው ጉልበት የሚተካው ከውርጩ በተረፈው ሣር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ፣ በዳገቱ ሥር ቆሞ የሚደረገው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰዓቱ ከዕቅዱ ስንት ደቂቃ ዘገየ፣ ደመናው ከጠዋቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ሆነ፣ ከቡድኑ ማን ዝም አለ፣ ማን መብላት አቆመ የሚሉት ጥያቄዎች ጮክ ተብለው ይጠየቃሉ፤ መልሱ ከሁለት ወገን መጥፎ ከሆነ ወደ ላይ የሚወሰድ እርምጃ አይኖርም። ከተመለሱ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። ከተማ ለቀረው ሰው ተደውሎ ሁሉም መውረዱ ይነገራል፤ የወሰደው ትክክለኛ ሰዓት ከታቀደው ጎን ይጻፋል፤ የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ፣ የሚጨስ አስታ፣ የደረቀ ምንጭ የታየ ከሆነም ቀኑና ቦታው ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነገራል፤ ጠባቂዎቹ ሰፊውን ደጋ በየቀኑ ሊዞሩት ስለማይችሉ የተጓዥ ዓይን ይጠቅማቸዋል። ደክሞ የወረደ ቡድን በዚያው ምሽት ወደ አዳማ ወይም ወደ አቦምሳ ከመንዳት ይልቅ አሰላ አድሮ በማለዳ ቢነሣ ይመረጣል።